«መርዙን ማስወጣት»፦ ሱስን ስለ ማቆም በምንናገረው አነጋገር ላይ የቀረበ ትችት

ስለ መጠጥና ስለ ጫት ጉዳት በአገራችን ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል። ይህ ጽሑፍ በዚያ ላይ ሌላ ስብከት ለመጨመር የተነሣ አይደለም። ልንመረምር የፈለግነው፣ ሰው ሱሱን ሲተው ምን እንደሚደርስበት የምንናገርበትን አነጋገር ነው። በትምህርት ቤት ቴያትርና በሠፈር ምክር አንድ ታሪክ ደጋግሞ ይመጣል። ሰካራሙ ቤቱን ይበትናል፤ ሚስቱ ታለቅሳለች፤ ሽማግሌ ይገባል፤ ሰውየው ይምላል፤ ብርጭቆውንም ይሰብራል። መጋረጃው ተዘግቶ ሲከፈት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ልጆቹን ሲያስጠና እናገኘዋለን። በሁለቱ ትዕይንቶች መካከል ያሉት ቀናት የት እንደ ገቡ ደራሲው አይነግረንም። ትችታችን በነዚህ በጠፉት ቀናት ላይ ነው።

ቀናቱ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ሰው ሊሞትባቸው ይችላል። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው ብርጭቆ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ያልበዋል፤ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ እንቅልፍም ይነሣዋል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓቶች ውስጥ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊመጣበት ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ አእምሮው ይታወካል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ትኩሳቱ ይጨምራል፤ ያለበትን ቦታ ይስታል። ሐኪሞች ይህን ዲሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። በእርግጥ የሚጠጣ ሁሉ እዚህ ላይ አይደርስም፤ ብዙው ሰው በመንቀጥቀጥና በእንቅልፍ ማጣት ያልፋል። ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ ግን ሽማግሌው ከመሐላው ሊያውቅ አይችልም።

«መጠጡን ስለ ተወ ነው ወይስ ቀድሞውኑ ታሞ ስለ ነበረ?» የሚለው ክርክር በዓለም ሐኪሞች ዘንድም ብዙ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1955 ሐሪስ ኢዝቤልና ጓደኞቹ በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን ያወጡት ጥናት ለክርክሩ ትልቅ መልስ ሰጥቷል። ቀድሞ የሞርፊን ሱሰኞች የነበሩ 10 ሰዎች በቂ ምግብና ቪታሚን እያገኙ አልኮል እንዲጠጡ ተደረገ፤ ረጅሙ ጊዜ 87 ቀን ነበር። መጠጡ ሲቋረጥ ለረጅም ጊዜ ከጠጡት መካከል የተንዘፈዘፉና አእምሯቸው የታወከ ተገኙ። በእስረኛ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ማድረግን አንደግፍም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው ራሱ ማቆሙ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ቃሉ እንምጣ። ፈረንጆች ዲቶክሲፊኬሽን የሚሉትን እኛ «መርዝን ማስወጣት» ወይም «ሰውነትን ማጽዳት» ብለን እንተረጉመዋለን። ትርጉሙ ቃሉን ቢከተልም ነገሩን ይስታል። ታማሚው በጣም በሚሠቃይበት ሰዓት አልኮሉ ከደሙ ወጥቶ አልቋል። አንጎሉ ለብዙ ወራት የመጠጡን ማደንዘዝ ለመቋቋም ሲል ራሱን ወጥሮ ኖሯል፤ የሚቋቋመው ነገር ድንገት ሲጠፋ ውጥረቱ ብቻ ይቀራል። በሬ በገመድ የሚጎትት ሰው ገመዱ ሲበጠስ ወደ ኋላው እንደሚወድቅ ማለት ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ሥራ ማጠብ ሳይሆን ገመዱን ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው። ዲያዜፓምን የመሰለ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ ይቆማል። ምግብ ትቶ በመጠጥ የኖረ ሰው ቪታሚን ቢ-1 ስለሚጎድለው ይህም ይሰጠዋል፤ አለዚያ አንጎሉ ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። «ይታጠብና ይወጣል» የሚለው አነጋገር ግን ቤተ ሰቡን «ታዲያ ቤታችን ውስጥ ብናጥበውስ?» ያሰኘዋል።

ስለ መሐላም ጥቂት እንበል። አንዳንዶቻችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግን፣ መጠጥ አልቀምስም ብሎ በመዝገብ ላይ መፈረምን እናውቀዋለን። ገና ላልጀመረ ልጅ መልካም ነገር ነው፤ አንንቀውም። ለጀመረውና ለባሰበት ሰው ግን ሌላ ጉዳይ አለ። አንድ ሰው እየማለ ባቆመና እያፈረሰ በተመለሰ ቁጥር የሚቀጥለው ማቆም ሊብስበት፣ መንዘፍዘፉም ሊቀርበው እንደሚችል ሐኪሞች ያስረዳሉ። አምና ምሎ ምንም ያልሆነ ሰው ዘንድሮ ምሎ ሊወድቅ ይችላል። «ባለፈውም ትቶት ነበር እኮ፤ ምንም አልሆነም» የሚለው የጎረቤት ማጽናኛ ዋስትና የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሆነን ነውና ስለ ጫት ሳንናገር ብናልፍ የአካባቢያችንን ነገር ሸሸን ማለት ነው። ከወንዶ ገነት በኩል የሚመጣውን ቅጠል ገዢው እርጥቡን የሚመርጠው በከንቱ አይደለም፤ ካቲኖን የተባለው የሚያነቃው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ይቀንሳል። ጫት ያቆመ ሰው ይደክመዋል፤ ይከፋዋል፤ እንቅልፉ ይዛባል፤ ሐራራው ይነሣበታል፤ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ሥቃይ ነው፤ ነገር ግን እንደ አልኮሉ የሚያንዘፈዝፍና የሚገድል አይደለም። እዚህ ላይ የአገራችን ቋንቋ ከተተረጎመው ቃል ይልቅ ጠንቃቃ መሆኑን ልብ እንላለን። ሕዝቡ ለፍላጎቱ ሐራራ፣ ለመነቃቃቱ ምርቃና፣ ለሌሊቱ ቅዠት ዱካክ ብሎ ለየብቻው ስም አውጥቷል። ምርቃናውን ለመስበር ማታ የሚወሰደውን መጠጥ ደግሞ ጨብሲ ብሎታል።

የኛ ፍርሃት በዚህ በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ የተቀመጠ ወጣት ሲመሽ ለጨብሲ ይነሣል፤ በመጀመሪያ አንድ ቢራ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ሦስትና አራት፤ ገንዘብ ሲያጥር አረቄ። ይህ ሰው ራሱን ጠጪ ብሎ አይጠራም፤ ቃሚ ነኝ ነው የሚለው። አንድ ቀን ተጸጽቶ ጫቱን ሲጥል ምርቃና ስለሌለ ጨብሲውም አብሮ ይቀራል። ሁለቱን በአንድ ሌሊት አቆመ ማለት ነው። በማግሥቱ ሲንቀጠቀጥ ጓደኞቹ «የጫት ሐራራ ነው፤ ይለፈው» ብለው ያስተኙታል። የሚያስፈራው አቋራጭ የትኛው እንደ ሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም።

ወደ ጠበል የሚሄደውም ብዙ ነው። ጠበልን የሚነቅፉ የተማሩ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ እኛ ከነሱ ጋር አንቆምም። ሰው ከመጠጥ ቤት ርቆ፣ ከሚጸልዩ ሰዎች ጋር ብዙ ቀን መሰንበቱ ሆስፒታል የማይሰጠው ጥቅም አለው። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ናቸው፤ በነዚያ ቀናት በጾምና በብርድ ያለ ሰው ቢንዘፈዘፍ መንፈስ ጣለው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። መፍትሔው ሩቅ አይመስለንም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ለቫይረሱ የተባለው ለመጠጥ የማይባልበትን ምክንያት አናይም፤ ሰውየው አምስት ቀን በሐኪም እጅ ቆይቶ ከዚያ ወደ ጠበሉ ቢሄድ ማንን ይጎዳል?

«ታዲያ ሁሉን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ልንልከው ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የአእምሮ ሕክምና ልዩ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ያወጣው መመሪያ አልኮል ሲቋረጥ የሚደረገውን ሕክምና ይጨምራል። ቀላሉን ዘመድ እያየው በቤቱ፣ ጤና ባለሙያም በየቀኑ እየጎበኘው መርዳት ይቻላል። ከዚህ ቀደም የተንዘፈዘፈ፣ አእምሮው ታውኮ የነበረ፣ ሌላ ሕመም ያለበት፣ ወይም ብቻውን የሚኖር ግን አልጋ ያስፈልገዋል።

የሕክምናውንም ልክ ማሳነስም ማግነንም አይገባም። አምስትና ሰባት ቀን የተኛው ሰው ከሞት ተርፏል እንጂ ከሱሱ ገና አልዳነም። ከሆስፒታሉ በር ወጥቶ ወደዚያው ሐይቅ ዳር፣ ወደዚያው ጓደኛ፣ ወደዚያው ሥራ ፈትነት ይመለሳል። ቤተ ሰቡ «ታከመ፣ ጸዳ» ብሎ ሲጠብቀው በወሩ ቢጠጣ «ሕክምናውም አልሠራም» ይባላል፤ እንዲህ የሚያሰኘውም ያው የማጽዳት ቃል ነው። እኛ በበኩላችን «በሐኪም እጅ ማቆም» ብንለው እንመርጣለን፤ ማቆም የተባለ ነገር ከዚያ ወዲያ ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ያስከትላልና።

ለጤና ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን አንድ ትንሽ ሐሳብ እናቀርባለን። ወደ ሕክምና የመጣውን ቃሚ «መጠጥ ትጠጣለህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ አልጠጣም ይላችኋል፤ እንደ ራሱ አቆጣጠርም አልዋሸም። «ለጨብሲ ምን ትወስዳለህ? ስንት? የመጨረሻውስ መቼ ነበር?» በሉትና ሰዓቱን ጻፉ።