ከሐምሌ ዝናብ እስከ እንቁጣጣሽ

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጆች ቤት ይውላሉ። ሐምሌ ሲገባ የአዲስ አበባ ወላጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ውጪው ጭቃ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ድሮም የራሱ ግቢ የለውም፤ ሳሎኑን ሶፋና ጠረጴዛ ሞልቶታል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው መላ ስልክ ነው። ልጁ ዝም ይላል፣ ቤቱም ጸጥ ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪንን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። እዚያው መመሪያ ላይ ብዙም የማይነሳ ሌላ ቁጥር አለ። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው እንደ ሩጫና ዝላይ ያለ ከመካከለኛ እስከ ከባድ እንቅስቃሴ መሆን ይኖርበታል። ስልኩን ከልጁ መቀበል ቀላል ነው። ከባዱ ሦስቱን ሰዓት መሙላቱ ነው።

ልምድ ያላት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሥራውን የምትጀምረው ሰዓቱን በማከፋፈል ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ብዙ ጊዜ ጠዋት ላይ ፋታ ስለሚሰጥ፣ መውጣት ካለ ያኔ ቦት ጫማ አጥልቆ መውጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ያለውን ታፈራርቀዋለች፤ አንድ የሚያስሮጥ ጨዋታ፣ ከዚያ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ፣ እንደገና የሚያስሮጥ። ሁለት የመቀመጥ ጨዋታ ከተከታተለ መጎነታተል ይጀመራል፤ ሁለት የሩጫ ጨዋታ ከተከታተለ አንዱ ወድቆ ያለቅሳል። ጨዋታውንም የምትቀይረው ልጆቹ ገና ሳይጠግቡት ነው። ያኔ በማግስቱ ራሳቸው ይጠይቁታል።

ለሩጫው ሰፊ ቤት አያስፈልግም። ሰኞ ማክሰኞ ኮሪደር ላይ በጠመኔ ይሠመራል፤ በጠጠር ፈንታ የተጠቀለለ ካልሲ ይወረወራል። ለሱዚ ዝላይ ላስቲኩን የሚይዙ ሁለት ልጆች ከጠፉ የሁለት ወንበር እግር ይበቃል። አኩኩሉ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥም ይሠራል፤ መደበቂያው ግን ጥቂት ነው። እዚህ ላይ የአዋቂው ሙያ እያዩ አለማየት ነው፤ ከመጋረጃው ሥር ብቅ ያሉትን ትናንሽ ጣቶች አልፎ አልጋ ሥር ማጎንበስ፣ ቁም ሣጥን መክፈት፣ «የት ገባ ይሄ ልጅ?» እያሉ ቤቱን መዞር።

ቁጭ ተብሎ ለሚሠራው ገበጣን የሚያህል የለም። ከእንጨት የተፈለፈለ ከሌለ 30 እንቁላል የሚይዘው የካርቶን ትሪ አለ። ትሪው ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸው አምስት ረድፎች ስላሉት፣ ሁለት ረድፍ ተቆርጦ ሲወጣ 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ ይሆናል፤ ከአንዱ ትሪ ሁለት ይወጣል። በየጉድጓዱ 4 ሽምብራ ሲገባ 48 ፍሬ ነው። ተጫዋቹ ከራሱ ወገን አንዱን ጉድጓድ ያራግፍና ፍሬዎቹን በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደረገ ይዘራል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን በርካታ የገበጣ አጨዋወቶች መዝግበዋል፤ ባለ ሦስት ረድፍም አለ። ሕጉ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ከሆነ ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት ራሳቸው ቢስማሙበት ይሻላል። ያ ክርክር ራሱ ጥሩ ጊዜ ያስገኛል።

የስድስት ዓመት ልጅ ገበጣ ሲጀምር እያንዳንዱን ጉድጓድ በጣቱ እየነካ ይቆጥራል። እየለመደ ሲሄድ ጣቱ ይቀርና በዓይኑ ብቻ ይለካል፤ የመጨረሻው ፍሬ የት እንደሚወድቅ ሳይነካ ያውቃል። ሒሳብ እየሠራ መሆኑን የነገረው የለም።

ቅልሞሽም እንዲሁ ነው። አምስት ጠጠር፣ አንዱ ወደ ላይ ሲወረወር ከመሬት መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያነሱ የተወረወረውን መቅለብ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ ግን ጠጠርም ሽምብራም ሊያንቀው ስለሚችል ከአጠገቡ መራቅ አለበት። ለእሱ የሚሆነው ሊጥ ነው፤ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ እስኪያያዝ ድረስ ውኃ። ጨው ስለበዛበት እንዳይበላው ዓይን ሊለየው አይገባም።

ማታ መብራት ሲጠፋ ተረትና እንቆቅልሽ ይመጣሉ። እንቆቅልሽ ያልተፈታለት ጠያቂ «አገር ስጠኝ» ይላል፤ ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፣ ልጁም ሳያውቀው ካርታ ያጠናል። ተረት ላይ ግን ብዙ ወላጅ «እኔ አልችልበትም» ብሎ ይሸሻል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአስርት ዓመታት ለልጆች ተረት ያወሩት፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ፣ ልጆች አባባ ተስፋዬ የሚሏቸው፣ ተዋናይ ነበሩ። ከእሳቸው የሚወሰደው ድምፅን መለወጥና ፊትን መጠቀም ነው፤ ጅቡ ሲናገር እንደ ጅብ፣ ጦጣዋ ስትናገር እንደ ጦጣ። ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ዝም ካሉ የቀረውን ልጁ ራሱ ይጎትተዋል።

ይህ ሁሉ አንድ ሳምንት ይወስዳል። ክረምቱ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ በጨዋታ ብዛት አይሸፈንም። ልጅን ለሳምንታት የሚይዘው መድረሻ ያለው ሥራ ነው፤ የእኛ ክረምት ደግሞ መድረሻ ሞልቶታል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ለሆያ ሆዬ አውራጁ ማን እንደሆነ፣ ተቀባዮቹ እነማን እንደሆኑ ይወሰናል፤ ዱላው ይዘጋጃል፣ ለየጎረቤቱ የሚሆን ግጥም ይፈለጋል።

ቡሄ ሲያልፍ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይጀመራል። የጎረቤቱ ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሁሉም የራሱ ሥዕል ይደርሰዋል። ለማን ምን እንደሚሳል የሚመርጠው ልጁ ነው፤ ሹፌር ለሆኑት ጋሼ መኪና፣ ለእትዬ አደይ አበባ። ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ ሥራው እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ይዘልቃል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ምልክት ሲደረግ ልጁ የቀረውን ራሱ ይቆጥራል።

ለአዋቂ የሚከብደው ገለል ማለት ነው። ልጁ «ሰለቸኝ» ሲል ወዲያው አዲስ ጨዋታ የሚያቀርብ ሰው ሲሮጥ ይውላል። መምህርቷ ወረቀት፣ መቀስና ባዶ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ትንሽ ቆይቶ ካርቶኑ ሱቅ ይሆናል፣ የልብስ ቁልፍ ብር ይሆናል፣ እቃ እቃው ይጀመራል። አዋቂ «ሱቅ እንዲህ አይደለም» ብሎ ከገባበት ግን እዚያው ያበቃል።

አንድ ቤተሰብ ይህን ለብቻው ሁለት ወር መሸከም የለበትም። በብዙ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለሠርግና ለለቅሶ የሚከፈት የጋራ ቤት አለ፤ ከሰዓት በኋላ ባዶውን የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ነዋሪዎች ኮሚቴውን ጠይቀው ቢያስከፍቱት፣ ወላጆችም ቀን ተከፋፍለው ተራ በተራ ልጆቹን ቢያጫውቱ፣ የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ ጥቂት የእንቁላል ትሪና አንድ ጣሳ ሽምብራ ነው። ጥያቄው ሐምሌ ሳይገባ፣ በሰኔ ስብሰባ ላይ ይቅረብ።