ስለ ቀጭን ወገብና ስለምታጠባ እናት

የሴትን መልክ በማመስገን ወሎን የሚያህል የለም ይባላል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ በእነርሱም የሚዜመው የፍቅር ዘፈን አብዛኛው የሴትን ውበት የሚያወሳ ነው።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ እስኪ ይህን ምስጋና ልብ ብላችሁ መርምሩት። ዓይን፣ ጥርስ፣ አንገት፣ ወገብ ይወደሳል፤ የሚወደሰውም ወገብ ሁልጊዜ ቀጭን ነው። ስለ እናት የተዘፈነም ሞልቷል፤ ነገር ግን እናት የምትመሰገነው በድካሟና በርኅራኄዋ እንጂ በመልኳ አይደለም። እንግዲህ በሃያ ዓመቷ የተዘፈነላት ሴት በሃያ አንድ ዓመቷ ስትወልድ ከቆንጆዎች መዝገብ ትሰረዛለች ማለት ነው። ዘፋኞቻችንን የምነቅፈው በዚህ ነው።

ጉድለቱ ቀድሞ ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ዘፈን የዘነጋትን ሴት ቤት ያከብራት ነበርና። በሐይቅና በአምባሰል አራስ ቤት ገንፎው በቅቤ ይቀርባል፣ አጥሚቱ ይጠጣል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ለጥየቃ ይመጣል፤ «አራሷ ወፈረች» ማለትም ምርቃት ነበር። በዚህ መሳቅ አይገባም። በ1965ና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የእናት ጡት ሲደርቅ ያየ ሕዝብ የአራስ ጉንጭ ሲሞላ ደስ ቢለው ምን ያስደንቃል?

ዛሬ ግን በየእጅ ስልኩ የምትታየው ተዋናይት በወለደች በሁለት ወሯ ወገቧን አጥብባ ብቅ ትላለች። ጠያቂዋም «እቴ፣ ሆድሽ ገና አልገባም እኮ» ትላለች፤ ይህንም የምትለው ገንፎውን እየጎረሰች ነው። (የአራስን ገንፎ የሚጨርሱት ጠያቂዎች መሆናቸው የታወቀ ነው።)

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የሦስት ወር ልጇን ታቅፋ ልትጠይቀኝ መጥታ ዳቦ ባቀርብላት እንቢ አለች። «ጋሼ፣ መክሳት አለብኝ፤ ባለቤቴ የሠርጋችንን ፎቶግራፍ እያሳየ ይስቅብኛል» አለችኝ። ሙሉ ቀን በሻይ ብቻ እንደምትውል ነገረችኝ።

ይህ ባል ቢያውቅ ኖሮ አይስቅም ነበር። ሰውነት በእርግዝና ወራት ስብ የሚያከማቸው ለማጥባት ስንቅ እንዲሆነው ነው። ማኅፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ 6 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። የምታጠባ ሴት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ብታጎድልም ወተቱ ቶሎ አይጎድልም፣ ከገዛ አካሏ እየተቀዳ ይወጣል እንጂ። ስለዚህ አስቀድማ የምትጎዳው እርሷ ናት፤ ሕፃኑ ደኅና ስለሆነም ጉዳቷን የሚያይላት የለም። ጡትን የሚያወርደው ማጥባት ነው ብለው የሚያስፈራሯትም ተሳስተዋል፤ እርግዝናውና ዕድሜው ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገራችን የሕዝብና የጤና ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ከ100 ሴቶች 22ቱ ከሚገባው በታች ቀጭን ሆነው ተገኝተዋል፤ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ለአጥቢ እናት ክሳትን መስበክ ምን ይሉታል?

በተፈጥሮዋ ቀጭን የሆነችውም አላመለጠችም፤ እርሷን ደግሞ «ባሏ አያበላትም» ይሏታል።

ይህን ሁሉ አምባሰልን አሳምሮ ለሚጫወት አንድ ወጣት ባለማሲንቆ ብነግረው «ስለ አራስ ብዘፍን ማን ይሸልመኛል?» አለኝ። አማቷን ተዋት፣ እናቷ ትሸልምሃለች አልሁት።