የታዳጊዎች ኢሲጂ፦ በሕፃናት ሠንጠረዥና በጎልማሶች መለኪያ መካከል

በ1979/80 እ.ኤ.አ. ዳቪኞንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የልጆች ኢሲጂ መለኪያ ሠንጠረዥ ለሕፃናት ሕክምና የዋለው ውለታ ከፍተኛ ነው። ከልደት እስከ 16 ዓመት የሆናቸው 2141 ጤነኛ ልጆች ተመርምረው የእያንዳንዱ ሞገድ ከፍታና ርዝመት በዕድሜ ተከፋፍሎ ቀርቧል። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ ወደ ጉርምስና ሲደርስ ይሳሳል። የመጀመሪያው የሕይወት ወር ብቻ በአራት ሲከፈል ከ12 እስከ 16 ያሉት ዓመታት በአንድ ረድፍ ተጠቃለዋል። ድምፁ ገና ያልጎረነነ የ12 ዓመት ልጅና ጢም ማብቀል የጀመረ የ15 ዓመት ወጣት በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ ማለት ነው። የተመረመሩትም ሁሉ ነጮች ነበሩ።

በ2001 ራይንቤክና ባልደረቦቹ 1912 የኔዘርላንድ ልጆችን በተሻለ መሣሪያ መርምረው የሞገዶቹ የላይኛ ወሰን ቀድሞ ከተጻፈው ከፍ እንደሚል፣ በጉርምስናም የወንድና የሴት ልዩነት እንደሚጎላ አሳይተዋል። ይህም ጥናት ቢሆን የአንድ አገር ነው፤ ከ16 ዓመትም አያልፍም። ደግሞም የላይኛው ወሰን 98ኛው መቶኛ ሲሆን ከመቶ ጤነኛ ልጆች ሁለቱ ከወሰኑ በላይ መገኘታቸው የግድ ነው።

ሠንጠረዡ ሲጎድል የጎልማሶች መለኪያ ይተካል፤ ጉዳቱ የሚብሰውም እዚህ ላይ ነው። ሶኮሎውና ላየን በ1949 ያቀረቡት የ35 ሚሊሜትር ወሰን ደረቱ ስስ በሆነ ጤነኛ ታዳጊ ላይ በቀላሉ ይታለፋል። መሣሪያው «የልብ ጡንቻ ውፍረት» ብሎ ያትማል፤ ልጁ ከጨዋታ ይታገዳል፣ ቤተሰቡ ለተጨማሪ ምርመራ ይንከራተታል።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይደርሳል። የጎልማሳ የፒአር ወሰን 200 ሚሊሰከንድ ነው። የአውስትራሊያ የሩማቲክ ትኩሳት መመሪያ ግን ከ12 እስከ 16 ዓመት ላሉት 180 ሚሊሰከንድን ወሰን ያደርጋል። በ2015 የተሻሻለው የጆንስ መስፈርትም ፒአር ከዕድሜ ጋር ተገናዝቦ እንዲነበብ ያዛል። የልብ ብግነት በዋና ምልክትነት ባልተቆጠረበት ታዳጊ 190 ሚሊሰከንድን «ደህና ነው» ብሎ ማለፍ አንዱን ንዑስ ምልክት ማጣት ነው። በዚህም የተነሳ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚያስፈልገው ልጅ ሳይታከም ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

የኪውቲ ስሌትም እንዲሁ ነው። በ1920 የወጣው የባዜት ቀመር የልብ ምት ሲፈጥን ውጤቱን ያጋንናል። ምቱ በደቂቃ 100፣ ኪውቲው 360 ሚሊሰከንድ የሆነ ታዳጊ በባዜት 465፣ በፍሪደሪሽያ ግን 427 ይሆናል። መድኃኒት ለተላመደ ሳንባ ነቀርሳ ቤዳኪሊንና ሞክሲፍሎክሳሲን በሚወስድ ታዳጊ ላይ ይህ ልዩነት አስፈላጊ መድኃኒት ያለ በቂ ምክንያት እንዲቋረጥ ሊያደርግ ይችላል።

እንግዲህ ጉድለቱ የቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩን ብቻውን የማንበብ ልማድ ነው። የልጁ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሰውነት አቋምና የልብ ምት በወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ መሣሪያው ያወጣው ልክም በእጅ ይመርመር። በቪ1 እስከ ቪ3 የተገለበጠ ቲ ሞገድ ምልክት በሌለው ከ16 ዓመት በታች ባለ ልጅ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲታይ ግን ክትትል ይሻል። በሩጫ መካከል ራሱን የሳተ ወይም በቤተሰቡ ድንገተኛ ሞት የደረሰበት ታዳጊ ደግሞ ንድፉ ያማረ ቢሆንም እንኳ ሳይመረመር ሊሰናበት አይገባም።