ከካቻቢቴ በፊት

አዲስ አበባ፣ አብነት አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚፈትሽ አንድ ባለሙያ አለ። ማሽኑን ከማብራቱ በፊት ይገለብጠዋል። የሚያየው ብሎኖቹን ነው፤ የአንዱ አናት ከተላጠ ወይም ቀለሙ ከሌሎቹ ከተለየ «ተከፍቶ ያውቃል» ይልና ይቀጥላል። ሻጩ ስለ ራምና ስለ ኤስኤስዲ ሲያወራ የእሱ እጅ ሌላ ነገር ይመረምራል።

ክዳኑን በአንድ ጣት ቀስ አድርጎ ያነሣዋል፣ ጆሮውን ወደ ማጠፊያው አስጠግቶ፤ ከተንቋቋ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ተሰንጥቆ ይሆናል። ብዙ ሰው ስሙን ጽፎ ኪቦርዱ ይሠራል ሲል፣ እሱ አንድም ቁልፍ አይዘልም። ስክሪኑን ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር ያደርገዋል፤ ነጩ ላይ የሚጋለጥ የሞተ ነጥብ ጥቁሩ ላይ ይደበቃልና።

የማሽኑን ዕድሜ የሚያጣራው የበሬ ጥርስ ገልጦ እንደሚያይ ገበሬ ነው። «ኮር አይ 5» የሚለው ተለጣፊ ብቻውን አይበቃውም። 7200ዩ የተባለው ኮር አይ 5 ሁለት ኮር ብቻ አለው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የ8ኛ ጄኔሬሽኑ 8250ዩ ግን አራት። ዊንዶውስ 11ም ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም።

ዊንዶውስ ከሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘውንና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘውን። 50 ዋት ሰዓት የነበረው 30 ከሆነ የቀረው 60 በመቶ ነው። ይህን አንብቦም ቻርጀሩን ይነቅልና ቪዲዮ ይከፍትበታል። ይህችን አለማመኑን እወድለታለሁ። ቀጥሎ ባዮስ ገብቶ ሲሪያል ቁጥሩን ከሥር ከተለጠፈው ጋር ያመሳክራል፤ ካልተስማሙ ማዘርቦርዱ ተቀይሮ እንደሆነ ይጠረጥራል። ባዮሱ በፓስዎርድ ከተቆለፈ ግን ፍተሻው እዚያው ያበቃል፤ ቢረክስም አያስገዛም።

ኖትቡክቼክን የመሰሉ የውጭ ፈታሾች የስክሪን ብርሃን በ9 ቦታ ይለካሉ፣ የፋኑን ድምፅ በዴሲቤል ይመዘግባሉ። የሚያስቀና ጥንቃቄ ነው። ነጥቡ ግን የሚሰጠው ለሞዴሉ ነው፤ ገዢ የሚወስደው ደግሞ ዓመታት በሰው እጅ የቆየ፣ ምናልባትም ሻይ የፈሰሰበት አንድ ማሽን ነው። የዚያው ሞዴል ሁለት ላፕቶፖች እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ውጤት አያገኙም።

የአብነቱ ሰው ኮከብም ሆነ ነጥብ አይሰጥም። ወደ ገዢው ዞሮ «ማጠፊያው ደህና ነው፣ ባትሪው ይቀየራል። የባትሪውን ዋጋ አስቀንስና ውሰደው» ይላል።