መልሱ ልክ ነው፤ አሠራሩስ?

የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ተሳስቶ ለሠራ ሰውም ልክ የሚመስል ቁጥር ይሰጠዋል። በአልጀብራ የተገኘን መልስ ወደ እኩልታው መልሶ በመተካት ማረጋገጥ ይቻላል። በፕሮባቢሊቲ ግን በ0 እና በ1 መካከል የወደቀ ክፍልፋይ ሁሉ ለዓይን ያው ነው፤ 2/3ም 3/4ም እኩል ያሳምናሉ። ስለዚህ የአንድን ተማሪ ሥራ ለመመዘን የመጨረሻውን መስመር ማየት አይበቃም። መታየት ያለበት ከስሌቱ በፊት የተጻፈው ነው። ተማሪው ምን እንደቆጠረ ተናግሯል? የቆጠራቸው ነገሮች እኩል ዕድል አላቸው ያለበትንስ ምክንያት አስቀምጧል? ይህ ካለ የቀረው ማባዛትና ማካፈል ነው። ይህ ከሌለ ልክ የሆነው መልስ እንኳ በአጋጣሚ የተገኘ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ጀማሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ፈረንሳዊው ዳላምቤር በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1754 በወጣው የ«ኢንሳይክሎፔዲ» ቅጽ ላይ በሳንቲም ውርወራ ተሳስቷል። ጥያቄውን በእኛው የአንድ ብር ሳንቲም እናድርገው፤ አንዱ ገጹ አንበሳ፣ ሌላው ሚዛን ነው። ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ አንበሳ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? የዳላምቤር አካሄድ እንዲህ ነበር፦ በመጀመሪያው ውርወራ አንበሳ ከወጣ ጨዋታው አለቀ፤ ስለዚህ ያሉት ውጤቶች አንበሳ፣ ሚዛን ቀጥሎ አንበሳ፣ ሚዛን ቀጥሎ ሚዛን ናቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ይጠቅማሉ፤ መልሱም 2/3 ነው። የቀረ ውጤት የለም፣ የተደገመም የለም። ጉድለቱ ሦስቱ እኩል አለመሆናቸው ነው፤ የመጀመሪያው ዕድሉ 1/2 ሲሆን የቀሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 1/4 ናቸው፤ ትክክለኛው መልስም 3/4 ነው። «ሦስቱ እኩል ዕድል አላቸው፤ ምክንያቱም» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ የሚሞክር ተማሪ ምክንያቱን ሲያጣ ይነቃል። የምክንያቷ መስመር ጥቅሟ ለአራሚው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ ሠሪውንም ትጠብቀዋለች።

«መልሱ ልክ እስከሆነ ድረስ ምን ቸገረን?» የሚል ይኖራል። በአንድ ከረጢት ውስጥ 3 ቀይና 2 ነጭ ኳሶች አሉ እንበል። ሳይመለሱ ሁለት ኳሶች ተራ በተራ ቢወጡ ሁለተኛው ቀይ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? አንዱ ተማሪ የመጀመሪያውን ኳስ ከነጭራሹ ይረሳና 3/5 ይላል። ሌላው የመጀመሪያው ኳስ ቀለም እስካልታየ ድረስ አምስቱም ኳሶች ሁለተኛ ሆነው ለመውጣት እኩል ዕድል እንዳላቸው አስረድቶ 3/5 ይላል። ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። ጥያቄው «ሁለቱም ቀይ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?» ወደሚለው ሲዞር ግን የመጀመሪያው ተማሪ 3/5ን በ3/5 አባዝቶ 9/25 ይላል፤ ሁለተኛው 3/5ን በ2/4 አባዝቶ 3/10 ላይ ይደርሳል። ስሕተቱ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ ነበር፤ መልሱ ልክ ስለሆነ ብቻ አልታየም።

ከናሙና ተነስቶ ድምዳሜ ላይ መድረስን በሚጠይቁ ጥያቄዎች ደግሞ የምክንያቷ መስመር ክብደት ይበልጥ ይጨምራል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሙከራ አነዳደፍ ባሳተመው መጽሐፍ አንዲት ሴት ወተቱና ሻዩ የትኛው ቀድሞ እንደተቀዳ ቀምሼ እለያለሁ ትላለች። 8 ስኒዎች ይቀርቡላታል፤ በ4ቱ ወተቱ፣ በ4ቱ ሻዩ ቀድሟል፤ ይህንንም ታውቃለች። ችኩል ተማሪ 1/2ን ስምንት ጊዜ አባዝቶ በግምት ሁሉንም የማግኘት ዕድሏ 1/256 ነው ይላል። ይህ ልክ የሚሆነው የእያንዳንዱ ስኒ አቀዳድ ለብቻው በሳንቲም ቢወሰን ነበር። እዚህ ግን የምትገምት ከሆነ የምታደርገው ከ8 ስኒ 4 መምረጥ ነው፤ መምረጫው መንገድ 70 ስለሆነ ዕድሉ 1/70፣ ማለትም 1.4 በመቶ ገደማ ነው። ስኒዎቹም የሴትየዋ መልስም አልተለወጡም፤ ቁጥሩን የለወጠው ሙከራው የተዘጋጀበት መንገድ ነው። ከ8ቱ 6ቱን ብታውቅስ? ብዙ ይመስላል፤ ግን በግምት ብቻ 6 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል 17/70፣ ወደ 24 በመቶ ነው፤ ችሎታዋን ለማመን አይበቃም። ጥሩ ሥራ የሚለይበት ሌላው ቦታ የድምዳሜው አነጋገር ነው። «የምትገምት ብትሆን ኖሮ ሁሉንም የማወቅ ዕድሏ 1/70 ነበር» ያለ ጉዳዩ ገብቶታል። «እየገመተች የመሆኗ ዕድል 1/70 ነው» ያለ ግን ሁኔታውን ገልብጦታል፤ ሙከራው ያልመለሰውን ጥያቄ መልሷል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታም ነጥብም የለውም። እውነት ነው። ግን ጥሩ ጥያቄ አውጪ ለተሳሳተ መልስ የሚያቀርባቸው አማራጮች ዝም ብለው የተሰደሩ አይደሉም፤ ተማሪዎች ከሚሠሯቸው የተለመዱ ስሕተቶች ይቀዳሉ። ከላይ ባለው የኳስ ጥያቄ 9/25 ከአማራጮቹ መካከል ቢገኝ አይገርምም፤ የተሳሳተውም ተማሪ የራሱን ቁጥር እዚያው አይቶ ተረጋግቶ ያጠቁራል። ምክንያቷ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ መሆን የለባትም። «ሳይመለስ» የምትል አንዲት ቃል ወይም በጥንቃቄ የተሣለ የዛፍ ንድፍ ይበቃል። ገጽ ሙሉ ማብራሪያ የጻፈ ሁሉ ጥሩ ሠራ ማለትም አይደለም፤ የቀመሩን ስም ደጋግሞ መጥራት ቀመሩ ለምን እንደተመረጠ አይነግረንም።

አንድን ሥራ ለመመዘን እንግዲህ ከጥያቄው አንድ ሁኔታ መለወጥ ነው፤ ኳሱ ቢመለስስ? ሴትየዋ 4 በ4 መሆኑን ባታውቅስ? ጥሩ ሥራ የትኛው መስመር እንደሚነካና የትኛው ባለበት እንደሚቆም በራሱ ያሳያል። ሁኔታው ሲለወጥ የት ጋ መታረም እንዳለበት የማይታይበት ሥራ ግን መልሱ ልክ ቢሆንም ገና አልተሠራም።