«መብራቱን ይመልከቱ»፦ ስለ አንድ የፕሮጀክተር መመሪያ ትርጉም

ለአንድ የሥልጠና ክፍል መገልገያ እንዲሆን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ የፕሮጀክተር መመሪያ በእጃችን ገብቶ ተመልክተነዋል። ዐረፍተ ነገሮቹ የጠሩ፣ ሰዋስዋቸውም የቀና ነው። ይሁንና «ምስል ካልታየ» የሚለውን ምዕራፍ ይዘን ከመሣሪያው ፊት በቆምን ጊዜ በሦስት ቃላት ተሰናከልን።

የመጀመሪያው ትእዛዝ «መብራቱን ይመልከቱ» ይላል። ሊባል የተፈለገው በመሣሪያው ውስጥ ያለው አምፖል ነው። በእኛ አገር ግን «መብራት ጠፋ» የሚል ሰው ኤሌክትሪክ ተቋረጠ ማለቱ ነውና አንባቢው ሶኬቱንና ቆጣሪውን ሲመረምር ይቆያል። በመሣሪያው ሽፋን ላይ የአምፖሉን ሁኔታ የሚያሳውቅ ትንሽ መብራት ደግሞ አለ፤ ስለዚህ አንዱ ቃል ሦስት ነገር ተሸክሟል። ተርጓሚው አምፖል የሚለውን የሸሸው ባዕድ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ከባሕር ማዶ መምጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በየሱቁ በዚሁ ስም ተጠርቶ ይሸጣል። ጉዳዩ የስያሜ ክርክር ብቻም አይደለም። በአምፖል ከሚሠሩት ፕሮጀክተሮች አብዛኞቹ የሚጠቀሙበት፣ ውስጡ ከፍተኛ ግፊት ያለበት የሜርኩሪ አምፖል እጅግ ይግላል። በመሆኑም «መብራቱ ሲጠፋ ይክፈቱት» የሚለው የኋለኛው መስመር ጣት ሊያስቃጥል ይችላል፤ መባል የነበረበት መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ ነው።

ሁለተኛው «ምልክት የለም» ነው። በመመሪያው ውስጥ «ምልክት» አንድ ጊዜ በቁልፍ ላይ የታተመውን ሥዕል፣ ሌላ ጊዜ ቀዩን ማስጠንቀቂያ፣ እዚህ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ በገመድ የሚመጣውን መልእክት ይወክላል። ይህ ጽሑፍ በግድግዳው ላይ ከተነበበ አምፖሉም ሌንሱም ደኅና ናቸው፤ ጉድለቱ ከገመዱ፣ ከተመረጠው መግቢያ ወይም ከኮምፒዩተሩ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ደኅናውን አምፖል አውልቆ በውድ ዋጋ ሌላ ይገዛል። እኛ «ሲግናል አልደረሰም» ማለትን እንመርጣለን። ሲግናልን ዲሽ የሚተክሉ ባለሙያዎች በየቤቱ አስለምደውታል። «አልደረሰም» ደግሞ ከየት ተነሥቶ የት ቀረ የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ «የለም» ግን ነገሩን ዘግቶት ይቀመጣል።

ሦስተኛው «ምንጩን ይለውጡ» ይላል። የኃይሉን ነው የምስሉን? «የምስሉን መግቢያ ይምረጡ» ቢባል ይበቃ ነበር። «የሌንሱን ክዳን ያንሱ» የሚለው እንከን የለበትም። (ክዳኑን ረስቶ መሣሪያውን የወቀሰ ከእኛም መካከል አለ።)

የምዕራፉ ርእስም ሁለት የተለያዩ ብልሽቶችን አንድ ላይ አጉሯል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ስለሆነ ተርጓሚውን አንወቅስም። ቢሆንም «ብርሃን ካልወጣ» እና «ብርሃን ወጥቶ ምስል ካልታየ» ተብሎ ለሁለት እንዲከፈል እንጠይቃለን። ተርጓሚ በዋናው ጽሑፍ የሌለ ርእስ ሊጨምር አይገባውም የሚሉ ባልደረቦች አሉን። ሥነ ጽሑፍ ቢሆን እንስማማ ነበር፤ ይህ ግን በጨለመ ክፍል፣ ሠልጣኞች እየጠበቁ፣ በችኮላ የሚነበብ ወረቀት ነው።