ቆማ የምታፈጥን
አንድ ጋራዥ ውስጥ ተፈታቶ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ኦቶማቲክ ካምቢዮ አጠገብ ብዙ ቆምኩ። የቶዮታው ኤ340 ነው፤ አይሲን የሠራው፣ እኛ በፎርራነሩ የምናውቀው። መካኒኩ ከፊተኛው ክፍል አንዲት ትንሽ ጊር አወጣና በጨርቅ ወልውሎ «ይያዟት ጋሼ፤ ጣትዎን ያስኪዱባት» አለኝ። ከጥርሶቿ አንዱ እንኳ አልቆረቆረኝም።

ኦቨርድራይቩ፣ ማለትም አራተኛው ማርሽ፣ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ትናንሽ ጊሮች በአንድ ተሸካሚ ላይ ሆነው ይከቧታል፤ እነሱን ደግሞ ጥርሱ በውስጥ በኩል የተቀረጸ ቀለበት ያቅፋቸዋል። እስከ ሦስተኛ ማርሽ ሁሉም ተቆላልፈው እንደ አንድ ብረት ይዞራሉ፤ ጥርስ በጥርስ ላይ አይንከባለልም። አራተኛ ሲገባ መሃለኛዋ ትያዛለች። እሷ ስትቆም ቀለበቱ ይፈጥናል፦ ሞተሩ 100 ጊዜ ሲዞር እሱ ወደ 142 ጊዜ ይዞራል። በሦስተኛ 3000 ዙር ይጮህ የነበረ ሞተር በዚያው የመኪና ፍጥነት ወደ 2100 ይወርዳል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ቅብብሉ ነው። ጊሯን ከተሸካሚው ጋር ያሰሩት የፍሪሲዮን ሸራዎች ሲለቁ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ጠባብ ቀለበት ጭነቱን ተሸክሞ ይቆያል። ከካምቢዮው ቤት ጋር የሚያስራት ፍሬን ሲጨብጣት ደግሞ ጠባቡ ቀለበት ራሱ ይለቃል። ያዝ ልቀቅ የሚለው የገዛ ቅርጹ ነው። በመሃል ሞተሩ ባዶውን አይጮህም፣ የሚለቀውና የሚይዘውም አይጓተቱም። የፍሬኑ አጨባበጥ ድንገተኛ እንዳይሆንም በስፕሪንግ የተደገፈ ፒስተን የዘይቱን ግፊት ያለዝበዋል።

«ኦቨርድራይቭ ካምቢዮ ይበላል» ሲባል ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው። በደልዳላ መንገድ፣ የሞተሩን ኃይል በዘይት ለካምቢዮው የሚያቀብለው ኮንቨርተርም ከሞተሩ ጋር ተቆልፎ ሲሄድ፣ አራተኛ ማርሽ እረፍት ነው፤ አንዴ የጨበጠ ሸራ አይንሸራተትም። ሸራ የሚበላው በመንሸራተት ነው፤ መንሸራተቱ ያለው ደግሞ በቅያሬው ቅጽበት ነው። የተጫነ መኪና ረጅም ዳገት ላይ ከሦስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት ሲመላለስ ያቺ ቅጽበት ትደጋገማለች። ኮንቨርተሩም እየተፈታ ዘይቱን ያግለዋል፤ ዘይቱ ይጠቁራል፣ የቃጠሎ ሽታ ያመጣል።

ለዚያ ሰዓት የተሠራ ቁልፍ ማርሽ መቀየሪያው ላይ፣ አውራ ጣት ሥር አለ። ሲጫኑት ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» ይበራል፤ ካምቢዮው ከሦስተኛ አያልፍም።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሸራዎች ጠቁረው አልቀዋል፤ መካኒኩ በአዲስ ተካቸው። ጊሯን ግን ዘይት ቀብቶ ወደ ቦታዋ መለሳት።